ያበረደችው ትኩሳት

እትዬ ኦብዱሊያ የምራቷን ትኩሳት በእጇ እንዳበረደች አውቶቡሱ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ እያወራች መጣች። ዙኒልዳ ከጎኗ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ትሰማለች።

ታማሚዋ ኤሊሂያ የዙኒልዳ እህት ናት። የደም ካንሰሩ መድኃኒት በሽታ የሚከላከልላትን ነጭ የደም ሴሏን ጠራርጎታል። ሐኪሙም «ካተኮሳት ምንም ሳትሰጡ አምጧት፤ አንቲባዮቲኩ በደም ሥሯ ቶሎ ካልገባ ኢንፌክሽኑ ይቀድማችኋል» ብሏቸው ነበር። ዙኒልዳ ከሥራ ስትገባ ያገኘቻት ግን እርጥብ ፎጣ ተጠቅልላ፣ ፓራሲታሞል ውጣ፣ ሥራ ሥር የተወቀጠበትን ቴሬሬ፣ በበረዶ ውሃ የሚዘፈዘፈውን የቅጠል መጠጥ፣ ስትመጥ ነው። ያውም ጎረቤቱ ሁሉ በተቀባበለው የቀንድ ዋንጫ፣ በዚያው በአንዱ የብረት መምጠጫ። በፓራጓይዋ ከተማ አሱንሲዮን የታመመ ሰውም ከዋንጫው ተራውን አይነፈግም፤ ነውር ነው።

የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ ቴርሞሜትሩን አየችው።

«ሠላሳ ሰባት። ትኩሳት የላትም። እዚያ ጠብቁ።»

«ቤት ነበራት እኮ» አለች ዙኒልዳ።

«እህቴ፣ እኔ የማክመው እዚህ ያለውን ነው።»

«እዚህ ያለውንማ እሳቸው አጠፉት።»

«አጥፍተውት ከሆነ ደግ አደረጉ።»

«ይኸው ነርሷም መሰከረች» አለች እትዬ ኦብዱሊያ፣ ፎጣዋን እያጣጠፈች።

የኤሊሂያ አገጭ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዙኒልዳ አማቲቱን በክንዷ ይዛ ወደ ግድግዳው ወሰደቻት።

«ቤት ሲለካ ስንት ነበር?»

«እኔ ቁጥር የት አውቄ ልጄ።»

«የሎተሪውን ግን ከነዕጣው በቃልዎ ይዘዋል።»

እትዬ ኦብዱሊያ መሬት መሬት አየች። «ብናገር ገደለቻት ይሉኛል።»

«ካልተናገርሽ ነው የምትገድያት።»

ስምንት ዓመት የቆየው አንቱታ እዚያ ግድግዳ ሥር ቀረ። አሮጊቷ ነርሷ ፊት ሄዳ ቆመች፤ ድምፅዋ አውቶቡስ ውስጥ የነበረው አልነበረም። «ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ሁለት ኪኒን ሰጥቻታለሁ። በረዶም አድርጌላታለሁ።»

«ታዲያ ይህን ቀድሞ መናገር ምን ነበረበት?» አለች ነርሷ።

«ነገርኩሽ እኮ» አለች ዙኒልዳ።

«አንቺማ ትቆጫለሽ እንጂ ቁጥር አልነገርሽኝም።»

ሐኪም ተጠራ፣ ደም ተቀዳ፣ አንቲባዮቲኩ ተሰቀለ። ያን ጊዜ ኤሊሂያ አልጋው እስኪንኳኳ ትንቀጠቀጥ ነበር። መድኃኒቱ ይቅደም ኢንፌክሽኑ፣ ጠዋት ይታያል አሏቸው።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ኦብዱሊያ የቴሬሬ ቴርሞሷን ከፈተች። ዋንጫው አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አዳርሶ ዙኒልዳ ጋ ደረሰ።

«ተራሽ ነው» አለቻት ቀስ ብላ።

ዙኒልዳ እጇን አላነሣችም።

«እህቴ ስትጠጣ እጠጣለሁ። እሷም የምትጠጣው በራሷ ዋንጫ ነው።»

ዋንጫው አልፏት ሄደ።