ለዳገት የሚሆን ማኒፎልድ

ባሌን ሰፈሩ «ንፋስ» ነው የሚለው። በወጣትነቱ መኪና ይወዳደር ነበር፤ አሁን ጋራዥ አለው፣ ቦርጭም አለው፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ሰው ሲነዳ ከጎን መቀመጥ አይሆንለትም። እኔን በሃምሳ ዓመቴ መንዳት ሲያስተምረኝ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን እየረገጠ የመለማመጃዋን መኪና ምንጣፍ በስቶታል። እኔም ችዬው ተማርኩ። የሰፋሁትን የተማሪ ዩኒፎርም በሰው መኪና እያስጫንኩ፣ የሹፌር ፊት እያየሁ፣ ስለማመጥ ነው የኖርኩት። ምኞቴ አንድ ነበር፤ የራሴን ጭነት ራሴ መንዳት።

ለዚህ ብሎ የአባቱን አሮጌ ፒክአፕ ከተኛችበት አወጣት። ባለ ስምንት ሲሊንደር ናት። «ሞተሯን ላንቺ እንደ አዲስ እሠራታለሁ» አለኝ፤ ሌላ ሰው መፍቻ እንዲያነሳባትም አልፈቀደም።

ጠቡ የመጣው በማኒፎልዱ ነው። ማኒፎልድ አየርና ቤንዚን ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሥር የሚታሰር፣ ቅልቅሉን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ብረት ነው። መለዋወጫ የሚሸጠው ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ሁለት ዓይነት አመጣና የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ አጋደማቸው። ጨርቁ ላይ የቀረውን ዘይት ዛሬም አላስለቀቅኩትም።

«እትዬ፣ ይሄ አንድ ሰፊ አዳራሽ በይው» አለኝ አንዱን እየዳሰሰ። «ስምንቱም ከአንድ ክፍል ይስባሉ። ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር የሚያህለው የለም። በዝግታ ስትሄጂ ግን አየሩ በሰፊው ቤት ውስጥ ይለግማል። ይሄኛው ደግሞ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ አራቱ ከላይ፣ አራቱ ከታች ይስባሉ። መንገዱ ጠበብ፣ ረዘም ስለሚል በዝግታም አየሩ ይሮጣል። ከተማ ውስጥ ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ይሄ ነው።»

«ለሚስቴ አነስ ያለውን?» አለ ንፋስ እንደ ተሰደበ ሰው። «ለሷ የሚገባት ኃይለኛው ነው!»

«ወንድም ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላል ስንት ሲሊንደር አለው?»

ሳቅን። ወንድሙ ደጋግሞ ቢለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ «ለሷ የሚገባት» ሲል እኔም ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ነበር፤ ዳገቱ ትዝም አላለኝ። ዋርሳዬ ባለ ሁለት ፎቁን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።

ንፋስ ሞተሯን ሲጨርስ እንደ ልማዱ በማለዳ ለጥ ያለው አስፋልት ላይ አወጣት፤ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦላት ፊቱ በርቶ ተመለሰ። «ትበራለች!» አለኝ።

ለሱ በርራለች። ከስፌት ቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ግን ዳገት ነው፤ የዳገቱ ወገብ ላይ ደግሞ የትራፊክ መብራት አለ። ዩኒፎርሙን ጭኜ ስደርስ ቀይ በራ፤ ቆምኩ። አረንጓዴ ሲበራ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፣ ነዳጁን ሰጥ አደረግኩ። መኪናዋ ሳል ያዛትና ድርግም አለች። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀብኝ። «እማማ፣ ወጥ ቤት ይሻልዎታል!» ያለኝም አለ። አንቱ ብሎ መስደብስ ምን ይባላል? በማግስቱም እዚያው ጠፋችብኝ። በሦስተኛው ቀን ላብ በላብ ሆኜ ገባሁና ቁልፉን ባሌ ፊት አስቀመጥኩ።

«መኪናዋ ምንም የላት፤ አንተ ስትነዳት ትበር የለ? እኔ ነኝ የማልረባው። መንዳት ለእኔ አልተፈጠረም፤ ሽጣት።»

ንፋስ ቁልፉን አነሳ። «ነገ እኔ እነዳለሁ» አለ። «አንቺ ከጎኔ ሆነሽ እንዴት እንደምትነጂ አሳይኝ።»

በነጋታው ጭነቱ ከኋላ፣ እሱ መሪው ላይ። ነዳጁን ሊረግጥ ሲል ጉልበቱን ቸብ አደረግኩት። «እንዲህ አይደለም። ተማሪ የሚሻገርበት መንገድ ነው፤ ለስለስ አርገው።» ለስለስ አደረገ። መብራቱ ጋ ቀይ ያዘን። አረንጓዴ ሲበራ፣ ያ ሰፈሩ የሚያውቀው ንፋስ፣ በእኔ እግር ልክ ነዳጅ ሰጣት። ሳለች፤ ድርግም አለች።

ጥሩምባው ተንጫጫ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት።

«ላንቺ አልሠራኋትም» አለ መሪውን እንደያዘ። «ለራሴ ነው የሠራኋት። ያውም ለድሮው ለራሴ። አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም።» ከዚያ መስኮቱን አወረደና ወደ ኋላ ጮኸ፦ «የምነዳው እኔ ነኝ! ስድቡንም ለእኔ!»

ያን ጊዜ እንዴት እንደወደድኩት።

ከሰዓት በኋላ ዋርሳዬ ማኒፎልዱን በዚያው ጋዜጣ እንደተጠቀለለ ይዞ መጣ። «ሸጠኸዋል ብዬ ነበር» አልኩት። «የእትዬን ዕቃ ለማን እሸጠዋለሁ?» አለኝ፤ ወደ ወንድሙ ዞሮም «እንቁላሉ እግር አወጣ?» አለው። ንፋስ ሰፊውን ማኒፎልድ ፈታ። ከሥሩ የተጣበቀውን አሮጌ ማሸጊያ ፍቆ አነሳ፤ ባለ ሁለት ፎቁን አስቀምጦ ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ጫፍ፣ ጥቂት ጥቂት እያለ አጠበቀ። ሲጨርስ ለመሞከር አልወጣም፤ ቁልፉን ለእኔ ወረወረልኝ።

«ትሞክራት ባለቤቷ» አለ።

በማግስቱ ጭነን ወጣን፤ እሱ ከጎኔ። የዳገቱ ወገብ ላይ እንደ ጠላት የሚጠብቀኝ ቀይ በራ። አረንጓዴ ሲሆን እንደ ሁልጊዜዬ ለስለስ አድርጌ ሰጠኋት። አልሳለችም። ያን ሁሉ ጭነት ይዛ ዳገቱን ተያያዘችው፤ ከኋላዬም የሚጮህ አልነበረም።

«አየህልኝ?» አልኩት።

ዝም አለ። ተቆጥቼ ዞር ስል፣ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። መቼ እንደተኛ እንጃ። ቀኝ እግሩ የሌለውን ፍሬን መርገጥ ትቶ ወንበሩ ሥር ተሰብስቧል።

ትምህርት ቤቱ በር ጋ ስደርስ አልቆምኩም። እንዳይነቃብኝ አንድ ዙር ጨመርኩለት።