አንድ ጀልባ፣ አንድ ቁጥር

የሰሜኑ ነፋስ ማክሰኞ ተነሳ። ዐርብ ጠዋት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ይዤ በድልድዩ ሳልፍ ዳክዬው የግሪኩን የኤቭሮስ ወንዝ ረግረግ ሰማይ ሞልቶት ነበር። ልጆቹ ከኋላዬ ይንጫጫሉ፣ እኔ መሪውን ይዤ በመስኮት አንጋጥጣለሁ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያን ቀን ግን ከልጆቹ ሁሉ ብሼ ልቤ አልቀመጥ ብሎኛል። በነጋታው ጎህ ሲቀድ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቴ ቦታ የአደን ጀልባው ላይ ልቀመጥ ነው። ማለቴ፣ ጠረጴዛው ካሳለፈኝ።

ጠረጴዛው በባርባ ፓስካሊስ ጓሮ ነው ያለው፣ ቅጠሉ ከረገፈው የወይን ሐረግ ሥር። ባርባ የምንላቸው ለሽምግልናቸው ነው፤ ሰባ አራት ሞልቷቸዋል። እሳቸው፣ አባቴ አፖስቶሊስና ሥጋ ሻጩ ስቴርዮስ ሠላሳ ዓመት በአንድ ጀልባ አድነዋል። ዘንድሮ የአባቴ ጉልበት እምቢ አለ። «ቦታዬ ያንቺ ነው» አለኝ፣ «ጠረጴዛው እሺ ካለሽ»። እምቢ ካለኝ ቦታው የስቴርዮስ አማች ነው። ያ ሰው ደግሞ ወሬ እንጂ ዳክዬ መትቶ አያውቅም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አደን ከመወጣቱ በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጠመንጃው ሁሉ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል። የሁሉም ካፖርት ኪስ ይራገፋል፣ ጥይቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የእኔ ጥይት፣ ያንተ ጥይት የለም። ጀልባው ላይ በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣት፣ እጅህን ሳጥኑ ውስጥ ሰደድ አድርገህ ያገኘኸውን ታጎርሳለህ። ስለዚህ ሕጉ አንድ ጀልባ፣ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የአፈሙዙ ስፋት መለያ ነው፤ የጀልባው ከድሮ ጀምሮ አሥራ ሁለት ነው።

የእኔ ጠመንጃ ሃያ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠብባል፤ ሃያ ማለት ቀጭን፣ ቀላል፣ ትከሻ የማይደልቅ ማለት ነው። አባቴ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው የሰጠኝ፣ ስቴርዮስ ደግሞ የጥርስ መጎርጎሪያ ይለዋል። የአባቴን አሥራ ሁለት እንዳልይዝ፣ የእርሳስ ፍሬ ከረግረጉ ከተከለከለ ወዲህ የምንተኩሰው የብረት ፍሬ ነው። የእሱ አሮጌ ባለሁለት አፈሙዝ ጫፉ ጠባብ ስለሆነ ብረት ካጎረሱት ይበላሻል። ስቴርዮስ ትርፍ አሥራ ሁለት አውቶማቲኩን አዋሰኝ።

ባለፈው እሑድ ከጠጠር ማውጫው ጉድጓድ ወርደን ሞከርነው። በአውቶማቲኩ ከተወረወሩልኝ አሥር የሸክላ ሳህኖች ሦስት መታሁ፣ በራሴው ሃያ ጠመንጃ ግን ስምንቱን። ትከሻዬ በልዞ ሰነበተ። ባርባ ሁሉንም አዩ፤ እሳቸው ራሳቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ተኩሰው «ይበቃል፣ እኔ መተኮስ አሁን አይደለም የምማረው» ብለው ተቀመጡ። እኔም ጥርሴን ነክሼ አሥራ ሁለት እይዛለሁ አልኩ። ምን ምርጫ አለኝ?

ዐርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስታችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ነበርን። ስቴርዮስ በደቃቅና በትልልቅ ፍሬ የተሞላ ሁለት ዓይነት ጥይት ይዞ መጥቷል፤ ቋሊማም አልረሳም።

«ደቃቁ ፍሬ ይሻላል» አለ። «ብዙ ነው፣ አንዱ ቢስት ሌላው አይስትም።»

«ብረት እኮ ነው፣ ስቴርዮስ። ከእርሳስ ይቀላል፣ ሩቅ ሲሄድ ጉልበት የለውም» አልኩት። «በእርሳስ ከምትመርጠው ሁለት መጠን ከፍ በል።»

«ሹፌሯ ታስተምረን ጀመረች።»

«ሹፌሯ ልክ ናት» አሉ ባርባ። «ትልልቁን ክፈት። አምና በዚያ በደቃቁህ ዳክዬውን አስነጠስከው እንጂ መቼ ጣልከው?»

ስቴርዮስ ሳቀ፣ እኔ በደስታ አበጥኩ። የሦስታችን ጠመንጃ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ ነፋሱ የረግረጉን ሽታ ያመጣል፤ ከበላያችን የዝይ መንጋ እየጮኸ ሲያልፍ ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። በዓለም ላይ ከዚያ ጓሮ ሌላ ልገኝበት የምመኘው ቦታ አልነበረኝም።

«በሉ፣ ካፖርት» አሉ ባርባ። «ከዶምና እንጀምር።»

ዶምና እኔ ነኝ፤ ካፖርቱ የአባቴ ነው፣ ከቦታው ጋር አብሮ የተሰጠኝ። «ንጹሕ ነው፣ ባርባ። ጠዋት ራሴ አራግፌዋለሁ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«በአፍ የሚራገፍ ኪስ የለም» ብለው ኪሶቹን አንድ በአንድ ገለበጡ። የመጨረሻው ኪስ ጥግ ላይ ጣታቸው ቆመ። ቀዳዳ ነበረው። ጣታቸው ወደ ገበሩ ገባ፣ ጎረጎረ፣ ሲወጣ ቢጫ ጥይት ይዞ ወጣ።

የሃያ ጥይት ቢጫ የሚደረገው ከሌላው እንዳይምታታ ነው። እኔ ደግሞ እሑድ ዕለት ያንኑ ካፖርት ለብሼ በሃያው ስተኩስ፣ አንዷ ሾልካ ገበሩ ውስጥ ገብታ ነበር።

ባርባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የስቴርዮስን አሥራ ሁለት አንስተው ቢጫዋን ከኋላ ጣል አደረጉበት። ሸርተት ብላ ገባችና መንገድ ላይ ተወትፋ ቀረች።

«ጨለማ ነው። ተኮስሽ፣ ቀጭ አለ፣ አልፈነዳም» አሉ። «ያላጎረስሽ መሰለሽ። አሥራ ሁለት ከኋላዋ ጨመርሽ። ከዚያስ?»

ከዚያማ አፈሙዙ ይፈነዳል። ይህን በአሥራ ስድስት ዓመቴም አውቀው ነበር። ባርባ ጥይቷን በመወልወያው ዘንግ ገፍተው አወጧትና መሐል ጠረጴዛው ላይ አቆሟት። እኔ ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቃተኝ። አለቀልኝ፣ ነገ ያ ወሬኛ አማች በአባቴ ቦታ ይቀመጣል አልኩ በሆዴ።

«ይቀጥል» አሉ። «የእኔን የሚያየው አዲሱ ሰው ነው፤ ደንብ ነው።»

ስቴርዮስ ፊቱን አዙሮ ቋሊማውን ይቆርጣል። ካፖርታቸውን ተቀብዬ ኪሶቹን አየሁ፣ ባዶ ናቸው። ገበሩን ስዳብስ ቀኝ ትከሻው ላይ ወፍራም ነገር ነካኝ። ሳብ ሳደርገው በነጭ ክር የተጣፈ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

ቀና ስል ባርባ ያዩኛል። ፊታቸው ቀልቷል። እሑድ ዕለት ለምን ሁለት ጥይት ብቻ እንደተኮሱ ያን ጊዜ ገባኝ።

ንዴት ነበረብኝ፣ አልዋሽም። «ባርባ፣ ይሄስ በስንት ቁጥር ይገባል?» ብዬ ብጠይቅ ስቴርዮስ እስከ ፋሲካ የሚያወራው ያገኝ ነበር። ግን ዝም አይነቅዝም። ስፖንጁን ወደ እኔ ዕቃ ገፋሁት።

ስቴርዮስ ዞር አለ። «ምንድን ነው እሱ?»

«የእኔ ነው። አውቶማቲክህ ትከሻዬን ስለበላው ላስገባበት ነው።»

«አይ ዶምና! ጠመንጃ ልትተኩሺ ነው ድስት ልታጥቢ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «ለአማቼ ልደውልለት መሰለኝ።»

«ስልክህን አስቀምጥ» አሉ ባርባ። ቢጫዋን ጥይት አንስተው በጣታቸው አሽከረከሯት። «ሕጉ ምንድን ነው?»

«አንድ ጀልባ፣ አንድ ቁጥር።»

«አሥራ ሁለት ይላል?»

ስቴርዮስ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሥራ ሁለት ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ያልኩት እኔ ከሆንኩ የምለውጠውም እኔ ነኝ። ነገ ሃያ ነው። አሥራ ሁለት የሚባል ጥይት ከዚህ ጓሮ አይወጣም።»

«እና እኔ በምን ልተኩስ? በወንጭፍ?»

«ልጅህ ሃያ አላት።»

«የፎቲኒ? ማንገቻው ሮዝ እኮ ነው።»

«ጭቃ ቀባው።»

«እርስዎስ?»

ባርባ ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በአንሶላ የተጠቀለለ አዲስ ሃያ አቅፈዋል። «ለልጅ ልጄ የገዛሁት ነው» አሉ ወደ ማንም ሳያዩ።

«ጀርመን ላለው?» አለ ስቴርዮስ። «አራት ዓመቱ አይደል?»

«ያድጋል።»

ሰደፉ ግን በሳቸው ክንድ ልክ ተቆርጧል፣ ጉንጭ የሚያርፍበትም ከወዲሁ ወዝቷል። እኔ አየሁት፣ ስቴርዮስም አይቶታል መሰለኝ፤ ቋሊማ ጎረሰ።

ወደ አውቶቡሴ በረርኩ። ከመቀመጫዬ ሥር አምስት ፓኮ ቢጫ ጥይት ነበረኝ፣ ሁሉም ብረት፣ ሁሉም ትልልቅ ፍሬ። ሳጥኑ ውስጥ ስናፈሰው እንደ በቆሎ ተንኮሻኮሸ። ባርባ «ሃያ ሩቅ አይደርስም» አሉ፤ «ዳክዬው እስከ ሠላሳ እርምጃ እስኪቀርበን፣ እግሩን ለማረፍ እስኪዘረጋ እንጠብቃለን። ቀድሞ የተኮሰ ቀዘፋው የሱ ነው»። ስቴርዮስ «ቀድሞ የሚተኩሰው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን» አለና በራሱ ሳቀ።

ለአባቴ ደወልኩ። «ጠረጴዛው አሳለፈኝ» አልኩት። መነሻችን ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ፣ ሁሉንም አከታትሎ ጠየቀኝ።

ሳጥኑን ተሸክሜ ልወጣ ስል ባርባ በሩ ድረስ ሸኙኝ። ስቴርዮስ አለመስማቱን ዞር ብለው አረጋገጡ።

«ያን ስፖንጅ ነገ ይዘሽው ነይ» አሉ በቀስታ።

«ለትከሻዎ?»

«ለመቀመጫዬ። እኔ ያለሁበት ጫፍ ሁልጊዜ ውሃ ያገኘዋል» አሉ። «ያንቺ ቦታ ደረቅ ነው።»