ቢጫ ክር የታሰረበት ማሰሮ

ባሌ አብደንቢ ሸበጥ ሰፊ ነው። እጁ ቆዳ ላይ ጥሩ ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁም ይፈጥናል። ታዲያ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን በሸበጡ ሲኩራራ ሰምቼው አላውቅም። የሚኩራራው በታንጂያው ነው። ማራኬሽ ውስጥ ታንጂያ የወንድ ሥራ ነው። ቅልጥሙን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በጨው የሰነበተውን ሎሚና የከረመውን ቅቤ ማሰሮ ውስጥ ይከቱና አፉን በወረቀት አስረው የሐማሙን፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱን፣ ውሃ ለሚያሞቀው እሳት ጠባቂ ይሰጡታል። እሱም ረመጥ ውስጥ ይቀብረዋል። ሰዓታት ቆይቶ ሲወጣ ወንዶቹ ወደ አትክልት ቦታ ይዘውት ይሄዱና ጥርግ አድርገው በልተው ይመለሳሉ። ለእኔ የሚደርሰኝ የሚታጠብ ማሰሮ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ባቱል፣ በምንኖርበት ግቢ የውጭ አገር እንግዶችን ምግብ አስተምራለሁ። ለእረፍት መጥተው ሳምንት ይቀመጣሉ፤ ዳቦ ያቦካሉ፣ ኩስኩስ በእንፋሎት ያበስላሉ፣ ጣታቸውን ያቃጥላሉ፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። በዚያ ሳምንት አራት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ማርጋሪዳ የምትባል ከፖርቱጋል የመጣች ጡረተኛ አስተማሪ ናት፤ ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም። ረቡዕ ምሳ ላይ በፈረንሳይኛ፣ «ታንጂያ መቼ ነው የምታስተምሪን?» አለችኝ።

አብደንቢ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ይበላ ነበር። ሳቁን ለቀቀው።

«ሴት የሠራችው ታንጂያ ስሙ ወጥ ነው» አለ።

«ማን ቀምሶ ፈረደ?» አልኩት።

«ይኼ ደግሞ መቅመስ ያስፈልገዋል?»

«እሺ፣ ያንተ ሰዎች ቢበሉትስ?»

«የኛ ሰዎች?» አለና እጁን ጠረገ። «ስሚ ባቱል፣ ሲ ጂላሊ ሴት የሠራችውን ታንጂያ አንዴ ከጎረሰ፣ ያንን አበባማ ሽርጥሽን ታጥቄ እንግዶችሽ ፊት ሽንኩርት እከትፋለሁ። ካልጎረሰ ግን ሁለተኛ ታንጂያ የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳልሰማ!»

ሲ ጂላሊ የሸበጥ ሰፊዎቹ ሁሉ ታላቅ ነው። እሱ ያልወደደውን ማንም አይጎርስም። ወደ ሴቶቹ ዞሬ ውርርዱን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ማርጋሪዳ አጨበጨበች።

ለእሱ ቀልድ ነበር፤ ለእኔ ግን አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ማሰሮ ሳጥብ አንድ ቀን እንኳ «ትንሽ አስቀርቼልሻለሁ» ብሎኝ አያውቅም። ይቆጨኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እጥበቱም ቢሆን ትምህርት ነው። ከታች የተጣበቀውን የሎሚ ልጣጭ አይቻለሁ፣ ከሙኑንና ሳፍሮኑን አሽትቻለሁ፤ ስንት ነጭ ሽንኩርት እንደገባ ሳይቀር አውቃለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት አብደንቢ ጀርባውን ሰጥቶን የራሱን ማሰሮ ሞላ። ወረቀቱን የሚያስረው በሚሰፋበት ሰም በተቀባ ቢጫ ክር ነው። እሳት ጠባቂው ባ ዓላል ማሰሮ ከፍቶ አያይም፤ ባለቤቱን የሚያውቀው በማሰሪያው ነው። ቆዳ ፋቂዎቹ በጠፍር ያስራሉ፣ አናጢዎቹ በሲባጎ፣ የኛዎቹ በቢጫ ክር። አብደንቢ ጨርሶ ሲወጣ እኔና ሴቶቹ የራሳችንን ጀመርን።

«ከሙኑ ስንት ማንኪያ ነው?» አለች ማርጋሪዳ፣ ብዕሯን ደግና።

«አፍንጫሽ እስኪልሽ ድረስ» አልኳት። እንደዚያው ጻፈችው።

የኛን በነጭ የወጥ ቤት ክር አስረን ከእሱ ጎን አስቀመጥነው። ሁለቱን ማሰሮዎች የሠራቸው አንድ ሸክላ ሠሪ ስለሆነ ከክሩ በቀር የሚለያቸው ነገር አልነበረም።

ዓርብ ንጋት ላይ አብደንቢ ለሶላት መስጊድ እንደሄደ ወርጄ ክሮቹን ፈታሁ። ቢበላሽስ? አሥራ ሁለት ሸበጥ ሰፊ ጦሙን ውሎ ሊመለስ ነው፤ ባሌም ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ሊሆን ነው። ቢጫውን ክር ወደ ቦታው ልመልሰው አልኩ። ከዚያ «ስሙ ወጥ ነው» ያለው ትዝ አለኝና በእኛው ማሰሮ ላይ ግጥም አድርጌ አሰርኩት፤ ነጩን ደግሞ በእሱ ላይ።

ተመልሶ መጣና «ቢስሚላህ» ብሎ የኔን ማሰሮ ትከሻው ላይ አወጣው።

«ቀስ፣ እንዳትጥለው» አልኩት።

«ከልጄ አላሳንሳትም» አለኝ፣ በኩራት።

ትንሽ ቆይተን እኛም ነጭ ክር ያለውን ይዘን ሄድን። ባ ዓላል አምስት ሴቶች በሩ ላይ ሲደረደሩ አይቶ፣ «የማን ነው ይኼ ደግሞ?» አለ።

«የእንግዶቼ።»

«ሴቶች ታንጂያ? ጉድ ነው ዘንድሮ!» አለና ሁለቱን ማሰሮዎች ጎን ለጎን ቀበራቸው።

ከሰዓት የእኛ ድርሻ፣ ማለት የባሌ ማሰሮ፣ ግቢ ውስጥ ተከፈተ። ሴቶቹ በሉ፣ እኔም በላሁ። የራሴን ሥራ ግን የሚበሉት ሌሎች ነበሩ፤ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር። ከአሁን አሁን አብደንቢ ማሰሮ ወርውሮ ይገባል ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ሲ ጂላሊ ባዶውን ማሰሮ ራሱ አቅፎ ገባ። አብደንቢ ከኋላው የገዛ ሸበጡን እያየ ይከተላል።

«ለላ ባቱል! ባልሽ ዛሬ ገደለን!»

«ምነው፣ ሆድ ቁርጠት ያዛችሁ?»

«ምን ቁርጠት ትያለሽ! ወላሂ አርባ ዓመት ታንጂያ በልቻለሁ፣ የዛሬውን የመሰለ ግን አልቀመስኩም። ማሰሮውን ማን ይጥረገው ብለን ልንደባደብ ነበር። ምን ጨመርክበት ብንለው ትንፍሽ አይልም!»

«የሙያ ነገር ነው» አልኩ። «ምስጢሩን ለማንም አይነግርም።»

«ተይው፣ ይደብቅ! ብቻ በመጪው ዓርብ የሐጅ መሸኛዬ ነው። ልክ እንደዛሬው እፈልጋለሁ፣ ከዛሬው ፍንክች ያላለ!»

«ሰማህ አብደንቢ? ፍንክች ያላለ» አልኩት።

ሽማግሌው መርቆን ወጣ። ሁለታችን ማሰሮውን መሃላችን አድርገን ቆምን።

«መቼ አወቅህ?» አልኩት።

«በመጀመሪያው ጉርሻ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አፌ ሞልቶ ነበር።»

ሳቄ መጣ፣ ልይዘው አልቻልኩም። እሱም ትንሽ ተኮሳትሮ ቆየና አብሮኝ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔን እናንተ በላችሁት አይደል? እንዴት ነበር?» አለኝ።

ስለ ማሰሮው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ጮክ ብሎ የሚፎክረው ሰውዬ፣ ፈተና እንደተፈተነ ተማሪ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ከሙኑ በዝቷል» አልኩት።

«ከሙኑ?»

«አዎ፣ ከሙኑ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ባዶ ማሰሮ በብብቱ ይዞ መጣና ሽርጡን ከበሩ ኋላ አወረደ። ማሰሪያው ቦርጩን አልዞር ስላለው በቢጫ ክር ቀጠልኩለት። ማርጋሪዳ ይኼን ሳላይ አልሄድም ብላ በረራዋን አራዝማ ነበር። ሽንኩርቱን ከተፈ፣ እንባው ወረደ፣ እሷና አዲሶቹ እንግዶች ፎቶ አነሱት። ከዚያ የሲ ጂላሊን መሸኛ አብረን ሞላን፤ እኔ እያዘዝኩ፣ እሱ እየታዘዘ።

ወረቀቱን ሲያስር ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ፣ «እኔ ብቻዬን ስሠራ ከሙኑን ምን ያህል ልቀንስ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ከሙኑ ምንም አልበዛም ነበር። በዚያ ዓርብ እንግዶቼን ለእረፍት ወደየክፍላቸው ከሸኘሁ በኋላ የባሌን ማሰሮ ታች በዳቦ ጠርጌ፣ ከመቀመጫዬ መነሳት እስኪያቅተኝ በልቼ ነበር።

«እንዲህ በአፍ የሚነገር አይደለም» አልኩት። «ዓርብ ዓርብ ከማሰሮው አስቀርልኝና ቀምሼ እነግርሃለሁ።»

ይኸው እስከዛሬ ዓርብ ዓርብ ለወዳጆቹ ከማካፈሉ በፊት የኔን ይለያል፣ በሳህን ከድኖ ይዞልኝ ይመጣል፣ እስክጨርስም ፊቴን እያየ ይቆማል። ከሙኑ ግን ገና አልተስተካከለም።