ከቺፑዱ ማዶ

ሌባ ለሁለተኛ ጊዜ የገባብኝ ሳምንት ወንድሜን ይዤ ጥይት ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሟቹ ባሌ ሽጉጥ ትቶልኛል፤ ፈቃዱንም በስሜ አዙሬአለሁ። ጥይቱ ግን አርጅቷል። እኔ ፍራሽ ሰፊ ነኝ፣ የጥይት ነገር አይገባኝም። የሚገባኝ ይኼ ነው፦ የእኔንና የአራሷን ልጄን መኝታ የሚለየው ስስ የቺፑድ ግድግዳ ነው። ሌባ ከገባ የሚቆመው ደግሞ ከዚያ ቺፑድ ፊት ነው። ይኸንኑ ለሻጩ ነገርኩት።

የሰማኝ የለም። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ፣ ሰፈሩ «ጄኔራል» የሚለው ሰው ነው። ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን አነሳና ይኼን አጥንት አይመልሰውም አለ። ሻጩ ጫፉ የተቦረቦረውን አነሳ፤ ሰውነት ሲነካ ጫፉ እንደ አበባ ስለሚፈነዳ እዚያው ይቀራል፣ አያልፍም አለ። ስለ ክብደት፣ ስለ ፍጥነት ሲጨቃጨቁ እኔን እንደ እቃ ቆጠሩኝ።

«ግድግዳውስ?» አልኩ።

«እናቴ፣ አንቺ አታስቢ» አለኝ ሻጩ።

በነጋታው ግድግዳው ሲሠራ የተረፈውን ቺፑድ በፍራሽ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ የጥጥ ትራስ ጨምሬ ተመለስኩ። ወንድሜ፣ ሰው ዘንቢል ይዞ ገበያ ይወጣል፣ የእኔ እህት ግድግዳ ይዛ ትወጣለች እያለ እያፈረ ተከተለኝ። ትራሱን ልጄ ናት ብላችሁ በቺፑዱ ላይ ተኩሳችሁ አሳዩኝ አልኩ። ሻጩ አይሆንም አለ። በሩ ላይ ቺፑዴን አስደግፌ ተቀመጥኩ፤ ገዢ ቢገባም ቢወጣም አልነሳም። ሲታክተው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መለማመጃ ግቢ ወሰደን። ከአፈር ክምሩ ፊት ትራሱን፣ ከትራሱ ፊት ቺፑዱን አቆምን።

ወንድሜ በድቡልቡሉ ተኮሰ፤ አለፈ። ሻጩ በተቦረቦረው ተኮሰ፤ እሱም ትራሱን በስቶ አፈር ገባ። ቆፍሮ አወጣው። የጥይቱ ጫፍ ጉድጓድ በእንጨት ብናኝ ተወትፎ ሳይፈነዳ ቀርቷል።

«ይኼ እንኳ ቀስ ብሎ ነው ያለፈው» አለ።

«ልጅሽ ቀስ ብላ ነው የምትሞተው በለኛ።»

ጥይት ሳልገዛ የተበሳ ትራሴን ይዤ ወጣሁ። ወንድሜ መንገዱን ሙሉ፣ እታለም፣ የኔው ቀዳዳ ግን ጥርት ያለ ነው እያለ ነዘነዘኝ።

ቤት እንደገባን የልጄን አልጋ ጎትተን ወደ እኔ በኩል አመጣነው። አሁን ከሌባው ኋላ የሚቀረው ባዶ ክፍል ነው፤ ነገ ሄጄ የፈለጉትን ጥይት ይስጡኝ ብዬ ገና ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ልጄ ሕፃኑን እያጠባች «ከባዶው ክፍል ማዶስ?» አለችኝ።

ከዚያ ማዶ ጎረቤታችን ናት። የእሷም ግድግዳ ቺፑድ ነው።