ሁለት ኮምፒውተር ለሐይቅ

ሱረያ ከጅዳ ከተመለሰች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሰው «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ሲላት «አሜን» ትላለች፤ ደስታው ግን የለም፤ ሐዘኑም የለም። የእናቷን ሞት በስልክ ያረዷት የአሠሪዋን ሸሚዞች ስትተኩስ ነበር። ስልኩን ዘጋችና የቀሩትን ሸሚዞች ተኩሳ ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ልቧ እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ ትረግጥበታለች እንጂ አይሰማትም።

ሐይቅ ከተማ ያለውን የእናታቸውን ቤት የጠበቀላት ታናሽ ወንድሟ ሀሚዱ ነው። ደሴ ኮምፒውተር ተምሮ ተመርቋል። አብሮት ከተመረቀው ከሰፈሩ ቄስ ልጅ ከመልአኩ ጋር ሆኖ ለመድኃኒት ቤት የሚሆን ሶፍትዌር ይሠራል፤ የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍ እንደደረሰ የሚናገር። መሥሪያቸው ግን መልአኩ ተማሪ ሳለ የገዛው አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል።

ሱረያ ካመጣችው ገንዘብ ለኮምፒውተር መግዣ ሠላሳ ሺህ ብር ልታወጣላቸው፣ ትርፉንም ለሦስት ሊካፈሉ ተስማሙ። ጎረቤት ሁሉ «ኧረ ባጃጅ ግዥበት!» አላት። ለእሷ ባጃጅም ኮምፒውተርም አንድ ነበር። ቢሆንም ያላወቀችውን ዕቃ መግዛት አልወደደችም።

«እስቲ ንገሩኝ፤ ምኑ ነው የሚያስወድደው?» አለቻቸው።

«እትዬ ሱረያ፣ ፕሮሰሰሩ የሚያስበው ነው» አላት መልአኩ። «ራሙን ደግሞ ጠረጴዛ በይው። ጠረጴዛ ከጠበበ ሥራው ይደራረባል። እኛ ብዙ ነገር ባንዴ ስለምንዘረጋ ራም ላይ አንሰስት። ለጌም የሚፈልጉት ውድ ካርድ ግን ምናችንም አይደል።»

«መብራት ሲሄድስ?»

«ለሱ ዩፒኤስ እንገዛለን። የሠራነውን አስቀምጠን እስክንዘጋ ድረስ ያቆየናል።»

የመልአኩ ሐሳብ ያገለገሉ ሁለት ዴስክቶፖች ገዝቶ ራማቸውን ማሳደግ፣ ሰፋ ያለ ስክሪንም መጨመር ነበር። ሀሚዱ «ላፕቶፕ ይሻላል» ከማለት በቀር አልተናገረም።

በማግስቱ ሦስቱም ደሴ ወጡ። ፒያሳ ያለው ባለሱቅ ጠሃ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ስስ ላፕቶፕ አቀረበላቸው። ሀሚዱ በአንድ እጁ አነሳው፤ መልሶ ማስቀመጥ አቃተው። ዋጋው ለብቻው ያመጡትን ብር ሊጨርስ ምንም አይቀረው።

«ይሄን ያህል ያስወደደው ጉልበቱ ነው?» አለች ሱረያ።

«እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ቅለቱ ነው» አላት ጠሃ። «ጉልበቱ ከዚያ ካገለገለው ጥቁር ላፕቶፕ ብዙም አይበልጥ።»

«ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ዕቃ ቅለት ምን ያደርጋል?»

ጠሃ ሳቀ። «መንገደኛ ካልሆናችሁማ ምንም!»

ሱረያ ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ሀሚዱ ዓይኑን ከዕቃው ላይ አላነሳም።

«መንገደኛ ነህ?»

«አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ» አለ በቀስታ። «ድርጅቱ የራስህን ኮምፒውተር ይዘህ ና ብሎኛል። ወላሂ ልነግርሽ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።»

«መቼ ነው?»

«ኢንሻአላህ ከአረፋ በኋላ።»

መልአኩም ከዚህ በፊት አልሰማም ነበር። ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ የማይገዛውን ኬብል ያገላብጥ ጀመር። ሱረያ ቁጣ ይመጣብኛል ብላ ጠበቀች። እንባም ቢሆን። አንዱም አልመጣም። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

«ያ ያገለገለው ላፕቶፕ ራሙ ይጨመርለታል?» አለችው ጠሃን።

«በደንብ! ዲስኩንም ፈጣኑን ልቀይርልሽ እችላለሁ።»

«እሱ ለወንድሜ። ለመልአኩ ደግሞ ዴስክቶፕ፣ ትልቁን ስክሪንና ዩፒኤሱን አድርግ።»

ሀሚዱ ጥቁሩን ላፕቶፕ በሁለት እጁ አነሳው። «ይከብዳል፣ እትዬ።»

«ትሸከመዋለህ» አለችው።

ወደ ሐይቅ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ መልአኩ ስክሪኑን እንደ ሕፃን አቅፎታል። ሲወርዱ፣ ሀሚዱ ቀድሞ ሲሄድ፣ «እትዬ ሱረያ፣ እኔ ሶፍትዌሩን ለብቻዬ ብጨርሰው ትቀየሚኛለሽ?» አላት።

«እኔ መቀየሙንም ረስቼዋለሁ። ትችል እንደሆን ሥራው።»

ከአረፋ በኋላ ሀሚዱ ሄደ። ዴስክቶፑ በእናታቸው ክፍል ተተከለ። መልአኩ ጠዋት ይመጣል፣ ይጽፋል፤ ሱረያ የመድኃኒት ስም እያስገባች ትሞክርለታለች፤ ሲሳሳት «እዚህ ላይ ቆመ» ትለዋለች። ክረምቱ ሳይገባ የውጫሌዋ ባለመድኃኒት ቤት ወይዘሮ ሠርክአዲስ ሥራውን ወደደችው፣ ከፈለችም። ድርሻዋን ስትቀበል ሱረያ ብሩን አጣጥፋ ከመቀነቷ ከተተችው፤ ልቧ ግን ያው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ሀሚዱ ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ «እትዬ፣ ያ ዕቃ ባትሪው ሞተ፤ እዚህ ደግሞ ውድ ነው...» ሲል፣ ሱረያ ራሷ ባላወቀችው ድምፅ ጮኸች።

«ባትሪ! ስትሄድ አልነገርከኝ! እማ ስትታመምም አልነገርከኝ! 'ደህና ናት፣ ደህና ናት' እያልክ፣ ሞታ ነው የሰማሁት! አሁን ለባትሪ ትደውልልኛለህ!»

በወዲያኛው ክፍል የመልአኩ ኪቦርድ ቆመ።

«እማ ናት አትንገራት ያለችኝ» አለ ሀሚዱ። «ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብላ።»

ሱረያ ስልኩን ዘጋች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቁጣው እስኪያልፍ ጠበቀች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለቀቃት፤ ያ የለመደችው ድንዛዜም ተመልሶ መጣ።

በሳምንቱ ደሴ ወጥታ ባትሪውን ከጠሃ ገዛች። አዲስ አበባ ለሚሄድ አውቶቡስ ሾፌር ሰጠችና፣ ሾፌሩንና ሀሚዱን በስልክ አገናኝታ ወደ ሐይቅ ተመለሰች።