የኒንያን ጓደኛ መዳፍ

ኤፊ ታርቪት ስለ ልጇ ስለ ኒንያን የተነገራትን አንድም ቀን አላመነችም። የባሕር ኃይሉ ቴሌግራም «ግዳጅ ላይ ሳለ ጠፍቷል፤ እንደ ሞተ ይገመታል» ይላል፤ በቃ። በየትኛው ባሕር፣ በምን መርከብ፣ አይልም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የኒንያን ዕቃ በሳጥን መጣ። ሸሚዞቹ ታጥበው ተተኩሰዋል፤ የማስታወሻ ደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ግን በምላጭ ተቆርጠዋል። ይሄኔ፣ የሚደብቁት ነገር አለ ብላ ደመደመች።

ከጀርመን ጋር ጦርነቱ በተጀመረ በአምስተኛው የብርድ ወራት፣ ሎርን ጌዴስ የሚባል ወጣት መኮንን ከግላስጎው በባቡር መጥቶ በሯን አንኳኳ። የኒንያን ጓደኛ ነኝ አለ። ሻይና የተጨሰ ዓሣ አቀረበችለት። ኒንያን በሁሉም ዘንድ የተወደደ መኮንን እንደነበር ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ነገራት፤ ሳይሠቃይ ነው የሞተውም አላት።

«የጠፋ ሰው አለመሠቃየቱን በምን አወቅህ?»

«ይህን ለመናገር አልተፈቀደልኝም፣ ወይዘሮ ታርቪት።»

ሲኒውን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ መያዙን ልብ አለች። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሃያ ዓመት እጁን ስታክም ኖራለች። ብድግ ብላ የሎርንን መዳፍ ገለበጠችው። ከዳር እስከ ዳር የተላጠው ቆዳ ገና አልጠገገም።

«ይሄ የገመድ ነው» አለችው። «ከጫፉ ምን ነበር?»

ሎርን እጁን ከእጇ አውጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ኒንያን ሦስት ሰው ብቻ በምትይዝ ትንሽዬ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ነበር፤ እነ ሎርን በትልቁ ሰርጓጅ ወደ ኖርዌይ ዳርቻ እየጎተቷት ነበር። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ስልክ ዝም ሲል ትልቁ ሰርጓጅ ወደ ላይ ወጣ። ገመዱን ለመሳብ ቢሞክሩ ትንሿ ወደታች እየሰመጠች ከእጃቸው አስመለጠችው። ገመዱ ከትልቁ ሰርጓጅ በስተኋላ ባለው ገፊ መዘውር ላይ ሊጠመጠም ስለነበር አዛዡ ፍቱት አለ።

«ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስልኩ ከተዘጋ ስንት ሰዓት ሆኖት ነበር?»

«ሁለት ሰዓት። ሦስቱም ሞተው ነበር።»

ሁለት ሰዓት። ወይስ ሃያ ደቂቃ፣ ገና በሕይወት ሳሉ? ዓይኑን አተኩራ አየችው፤ እውነቱን ከውሸቱ መለየት አቃታት። ልትመታው ፈለገች፤ ልታቅፈውም ፈለገች፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

«ለሌሎቹ ሁለት እናቶችስ ምን ብለህ ነገርካቸው?»

ሳይሠቃዩ ሞቱ ማለቱን አመነ።

ኤፊ ካፖርቷን ለበሰች። የአንደኛዋ እናት ቤት በባቡር የአራት ሰዓት መንገድ ነበር።

«ተነስ» አለችው። «ለእኔ የነገርከኝን ለእሷም ትነግራታለህ። እኔም አጠገብህ ሆኜ እሰማሃለሁ፤ ሰዓቱን ብትለውጥ አውቅብሃለሁ።»

በባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እስኪደርሱ ድረስ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም።