የሳንታ ክላራን እንቁላል የበላው ሰው

በሐምሌ ልጅ መዳር ድፍረት ነው። በሐምሌ፣ ያለ ድንኳን፣ በግቢ መዳር ግን ወይ እብደት ነው ወይ እምነት። ሜልኮር ሚስቱን ሉሚንግን የቱ እንደያዛት ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ኖሮም አልለየለትም።

ሰኞ ጠዋት ሉሚንግ አሥራ ሁለት እንቁላል በቅርጫት ደረደረች። «ልጃችን ሮዌና ቅዳሜ ታገባለች፤ ዝናቡን ያዢልን» ብላ የጻፈችባትን ብጣሽ ወረቀት ከላይ ሰካችና ወደ ሳንታ ክላራ ገዳም እንዲያደርስ ሰጠችው። በዚያ አገር ሠርግ ያለበት ሰው ሁሉ ለመነኮሳቱ እንቁላል ይወስዳል፤ እነሱ ይጸልያሉ፣ ቅድስቲቱ ሳንታ ክላራ ደግሞ ዝናቡን ትይዛለች።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ ሜልኮር፣ ሰው የሚያመላልስባትን ባለሦስት እግር ሞተር እያስነሳ። «ዝናብ በእንቁላል ቢቆም ኖሮ ዶሮ የሚረባበት መንደር ሁሉ በረሃ ይሆን ነበር።»

«አንተ ብቻ አድርስ» አለች። «ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ቀስ ብሎ ነዳ። በጣም ቀስ ከማለቱ የተነሳ የቴባን ምግብ ቤት በር ላይ ቆመ። ቴባን አብሮ አደጉ ነው፤ መጥበሻውም ከምድጃ ወርዶ አያውቅም።

«እስቲ አስበው» አለ ቴባን ቅርጫቱን እያየ። «ለነዚያ ምስኪኖች በቀን ስንት እንቁላል እንደሚገባላቸው። ይህንን ጨምረህ ልትገድላቸው ነው? ለነሱም ማዘን ነው እንጂ።»

ሜልኮር ለመነኮሳቱ አዘነ። ሁለቱ ሆነው ስድስት ስድስት እንቁላል አዘኑላቸው።

«አደረስክ?» አለችው ሉሚንግ ማታ።

«አደረስኩ» አለ። የት እንዳደረሰ አልጠየቀችውም። «ተመስገን» ብላ ለጥ ብላ ተኛች።

ጣጣው የጀመረው ከዚያ ነው። ሌሊቱን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጥ ገባ። ሉሚንግ ታንኮራፋለች፤ ሜልኮር ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አነጋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝናብ የማንም አልነበረም። አሁን ግን የሱ ሆነ፤ በስድስት እንቁላል የገዛው የግል ዝናቡ።

ማክሰኞም ዘነበ። ረቡዕ አላስቻለውም።

«ድንኳን እንከራይ» አለ።

ሉሚንግ ዞር ብላ አየችው። «ለሳንታ ክላራ ሰጥተን ስናበቃ? ምን ትለናለች?»

ምን እንደምትል ሜልኮር ካሰበው ቆይቷል። በማላምንባት ቅድስት ምን አስጨነቀኝ እያለ ራሱን ሊያጽናና ቢሞክርም፣ ዓይኑን ከደመናው ላይ መንቀል አቃተው። አንድ ልጁ ናት፤ ቀኗን በእንቁላል ጥብስ ሊያበላሽባት ነው። ሉሚንግ ግን አበባውን እየመረጠች፣ ከአሳማ ነጋዴው ጋር እየተከራከረች፣ መሀል መሀሉን ታንጎራጉራለች። እውነቱን ለመናገር ቀናባት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ዓርብ ጠዋት ሠላሳ ስድስት እንቁላል ገዛና የቴባንን ደጅ ፊቱን አዙሮ አልፎ ገዳሙ ደረሰ። መነኮሳቱ ለሰው አይታዩም፤ ዕቃ የሚቀበሉት በምትሽከረከር የእንጨት መስኮት ነው።

«እማሆይ፣ የነገው ሠርግ ነው» አለ ለእንጨቱ። «ሦስት ደርዘን ነው። አንዱ የነገው፣ አንዱ የዘገየው፣ አንዱ ደግሞ መቀጫ።»

«እንጸልያለን ልጄ» አለ ከውስጥ አንድ ያረጀ ድምፅ። «ዝናቡ ግን የኛ አይደለም።»

«እንቁላሉስ?»

«እንቁላሉ የኛ ነው» አለችና መስኮቷን አሽከረከረችው።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ሜልኮር ደረቱን ነፋ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሰው ሁሉ ቀድሞ አሜን ሲል ካህኑ ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩት። ከሰዓት በኋላ እንግዳው ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ቁጭ ብሎ፣ ለተጠበሰው ሙሉ አሳማ ቢላዋ ሲሳል፣ ዝናቡ መጣ። ማካፋት የለ፣ ምን የለ፤ ዶፍ ነው። እንግዳው ሳህኑን ራሱ ላይ ደፍቶ ወደ በረንዳው ሮጠ። አራት ጎረምሶች አሳማውን እንደ ቁስለኛ ተሸክመው ቤት አስገቡት።

ሜልኮር ከግቢው መሀል አልተነቃነቀም።

«ሠላሳ ስድስት!» አለ ወደ ሰማይ አንጋጦ። «ሠላሳ ስድስት እንቁላል ተቀብላችሁ!»

ሉሚንግ ጫማዋን በእጇ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። «እኔ የሰጠሁህ አሥራ ሁለት ነው» አለች።

ሜልኮር ዓይኑን ከሰማዩ አወረደ፤ እሷ ቀጠለች።

«ቴባን ቤት ነው የቀረው። ሰኞ ማታ ራት አልበላም ስትል ነው የገባኝ። አንተ ደግሞ መቼ ጠግበህ ታውቃለህ?»

«ዐውቀሽ ነው እንደዚያ ስታንኮራፊ የከረምሽው?»

«እኔ ለሳንታ ክላራ የሰጠኋት ጭንቀቴን ነው፤ እሱን ቴባን አልጠበሰው። እንቁላሉን የበላው ባሌ ነው፣ ከሱ ጋር ተነጋገሪ አልኳትና ተኛሁ።»

«ታዲያ ይኸው ዘነበ።»

«ዘነበ። እስቲ ልጅህን እያት።»

ሮዌና ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ከሙሽራው ጋር ጭቃው ውስጥ ትጨፍራለች። ሁለቱም በሳቅ ሊሞቱ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ሲፈራው የከረመው ይኸው ነበር። ሜልኮር ደስ አለው፤ ወዲያውም በራሱ አፈረ።

ሉሚንግ እየጎተተች በረንዳው ላይ ወንበር አስያዘችው፤ በሳህን አሳማ አምጥታም ሰጠችው።

«ሉሚንግ» አለ በልቶ ሲጨርስ፣ ዓይኑ እየከበደ። «የሞተሩ ማርሽ ሲያስጨንቀኝ ሦስት ወሩ ነው። ለሱም እንቁላል ይቀበላሉ?»

«ይቀበላሉ።»

«ስንት ይበቃል?»

«ሁለትም ይበቃል። ግን የማደርሰው እኔ ነኝ።»

ሜልኮር ግን ሳህኑን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዝናቡ በላይ ያንኮራፋ ነበር።